ታክስ የማይባል ታክስ፦ የኮሎራዶው «ታቦር» ለማን ሠራ?

ኮሎራዶ ውስጥ ዕቃ በኦንላይን ያዘዘ ሰው ደረሰኙን ዘርዘር አድርጎ ቢያይ ከሽያጭ ታክሱ በታች አንዲት ትንሽ መስመር ያገኛል። ጁላይ 2022 ላይ ስትጀመር 27 ሳንቲም ነበረች። ስሟ «ፊ» ነው፤ ክፍያ እንጂ ታክስ አይደለችም። ለከፋዩ ኪስ ልዩነት የለውም። ለሕጉ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ታክስ ተብላ ቢሆን ኖሮ መራጩ ድምፅ ሳይሰጥባት አትገባም ነበር።

ደግሞ 27 ሳንቲሟ አንድ ክፍያ አይደለችም፤ ስድስት ናት። 8.4 ሳንቲሙ ለመንገድ፣ 6.9ኙ ለኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ፣ 5.3ቱ የንግድ መኪኖችን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር፣ 3ቱ ለአውቶቡስ፣ 2.7ቱ ለድልድይና ለዋሻ፣ 0.7ቱ ለአየር ብክለት። ከአንድ ሳንቲም የምታንሰው እንኳ የራሷ ስም አላት። እንዲህ ያለ ሒሳብ መሥራት ያስፈለገው ለምንድን ነው? መልሱ ከ30 ዓመት በፊት በጸደቀ አንድ ሕግ ውስጥ ነው።

ሕጉ ታቦር ይባላል። ሙሉ ስሙ «የግብር ከፋዮች የመብት ድንጋጌ» እንደማለት ነው፤ ታቦር የእንግሊዝኛው ምህጻር ነው። (ቡሄ ትዝ ያለው ሰው አይፈረድበትም፤ ግን ዝምድና የላቸውም።) ኖቬምበር 1992 ላይ 54 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። የጻፈው ዳግላስ ብሩስ ከካሊፎርኒያ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የመጣ ጠበቃና ቤት አከራይ ነበር። በ1988 ሞክሮ ተሸነፈ፤ በ1990 ሞክሮ ተሸነፈ፤ በሦስተኛው ተሳካለት። ሰውየው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ራሱ በታክስ ማጭበርበር ተፈርዶበት መታሰሩን የሕጉ ጠላቶች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ወሬው ይጥማል። ስለ ሕጉ ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ድንጋጌዎቹ ለመረዳት አይከብዱም። ስቴቱም ሆነ ከተማው ወይም የትምህርት ዲስትሪክቱ አዲስ ታክስ ለመጣልም ሆነ ያለውን ለመጨመር መራጩን መጠየቅ አለበት። የገቢ ግብር ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሀብታሙን በ9 ከመቶ፣ ደሃውን በ3 ከመቶ ማስከፈል ክልክል ነው። የጥያቄው አጻጻፍ ሳይቀር በሕግ ተወስኗል። ታክስ የሚጨምር ጥያቄ «የስቴቱ ታክስ በዓመት በዚህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ይጨመር ወይ?» ብሎ መጀመር አለበት። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚነገረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የድምፅ መስጫው ፖስታ ወደ ቤታችሁ ሲገባ መጀመሪያ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው በትላልቅ ፊደል የተጻፈው የብሩ ልክ ነው። ብሩስ ይህን ያደረገው አውቆ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ጣሪያው ነው። የስቴቱ ገቢ ከዓመት ዓመት ሊያድግ የሚችለው በዋጋ ንረቱና በሕዝቡ ቁጥር ዕድገት ልክ ነው። ኢኮኖሚው ሞቅ ብሎ ከዚያ በላይ ከተሰበሰበ ትርፉ ለሕዝብ ይመለሳል፣ ሕዝቡ «ግድ የለም፣ ያዙት» ካላለ በቀር። ይህን ሕግ ሙሉ በሙሉ የቀዳ ሌላ ስቴት እስከ ዛሬ የለም። በ2006 ሜይን፣ ነብራስካና ኦሬገን ተመሳሳዩ ቀርቦላቸው መራጮቻቸው አልቀበልም አሉ። እንደዚያም ሆኖ መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚሉት ወገኖች አርአያ አድርገው የሚጠቅሱት ኮሎራዶን ነው።

እነዚህ ወገኖች «ነፃ ገበያ» በሚለው አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያቀርባሉ። አንደኛው የመንግሥትን ወጪ መገደብ ነው። ሁለተኛው ታክስ መቀነስ ነው። ሦስተኛው ቁጥጥርና ፈቃድ ማላላት ነው። በክርክሩ ላይ ሦስቱ ሳይነጣጠሉ ይመጣሉ፤ የሚደግፋቸውም የሚቃወማቸውም በጅምላ ነው። ኮሎራዶ ግን ሦስቱንም ለየብቻ ሞክራቸዋለች፤ ውጤታቸውም አንድ አይደለም። በእኔ ግምት ለእኛ ለሐበሾቹ ከሁለቱ ይልቅ ሦስተኛው፣ ብዙ የማይወራለት፣ የበለጠ ጠቅሞናል።

መጀመሪያ ግን የታቦር ደጋፊዎችን ነጥብ ማንኳሰስ አልፈልግም። ፖለቲከኛ እጁ የገባውን ገንዘብ ወዶ አይመልስም። ጥሩ ዓመት ሲመጣ አዲስ ፕሮግራም ይከፍታል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ፕሮግራሙ አይዘጋም፤ ታክሱ ይጨመራል። አገር ቤት የቁርጥ ግብር ተመን አንድ ቀን ድንገት ሲቆለልበት ያየ የነጋዴ ልጅ «ሳትጠይቀኝ አትጨምርብኝ» የሚል ሕገ መንግሥት ቢያይ ይገርመው እንደሆነ እንጂ አይከፋውም።

ተመላሹም ቀልድ አይደለም። በ2022 ስቴቱ ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ መለሰ። ለአንድ ሰው 750፣ ግብራቸውን አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት 1,500 ዶላር ነበር። የሚገርመው ቼኩ የመጣበት ሰዓት ነው። ታቦርን ለዓመታት ሲተቹ የኖሩት ዴሞክራቶች «ካሽባክ» የሚል ስም ሰጥተው፣ ከወትሮው ጊዜ አስቀድመው፣ ኖቬምበር ላይ ምርጫ ሳይደርስ በየቤቱ አስገቡት። በቀጣዩ ዙር ደግሞ ለአንድ ሰው 800 ዶላር ደረሰ። እንዲህ ያለ ገንዘብ የቀመሰ መራጭ ሕጉን እንዲያፈርስ መጠየቅ ከባድ ነው። በ2019 «ትርፉን ስቴቱ ይያዘው» ተብሎ ሲጠየቅ እምቢ አለ። በ2023 ከንብረት ታክስ ቅናሽ ጋር ተቆራኝቶ ሲጠየቅም እምቢ አለ፤ በሰፊ ልዩነት።

ሕዝቡ ሁልጊዜ እምቢ ይላል ማለት ግን አይደለም። የድምፅ ታሪኩን ለተመለከተው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ማሪዋና ላይ ታክስ ይጣል ሲባል በ2013 እሺ አለ። ሲጋራ ላይ ሲባል በ2020 እሺ አለ። ተማሪዎች ሁሉ በነፃ እንዲመገቡ በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ የሚያገኙት ይክፈሉ ሲባል በ2022 እሺ አለ። ጠመንጃና ጥይት ላይ ሲባል በ2024 እሺ አለ። ለመንገድ ሥራ ሁላችንም የምንከፍለው የሽያጭ ታክስ ትንሽ ይጨመር ሲባል ግን በ2018 እምቢ አለ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከፋዩ ሌላ ሰው ከሆነ እጃችን አያጥርም። የገቢ ግብሩ ይቀነስ ሲባል ደግሞ ማን ይጠላል? በ2020 ከ4.63 ወደ 4.55፣ በ2022 ወደ 4.40 ከመቶ ወረደ። ዴሞክራቱ አገረ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ራሳቸው ደግፈውታል።

ስለዚህ ታክሱ ዝቅ እንዳለ ነው። መንገዱ ግን ይሰባበራል፣ ሕዝቡ ይበዛል። የስቴቱ የነዳጅ ታክስ በጋሎን 22 ሳንቲም እንደሆነ ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ምክር ቤቱ ምን አደረገ? በ2018 በድምፅ የተከለከለውን በ2021 በፊ መልክ አመጣው። ታቦር ውስጥ «ኢንተርፕራይዝ» የሚባል በር አለ። አንድ የመንግሥት ተቋም እንደ ንግድ ድርጅት ከደንበኞቹ የሚሰበስብ ከሆነና ከስቴትና ከከተማ የሚያገኘው ድጎማ ከገቢው 10 ከመቶ ካልደረሰ ከጣሪያው ነፃ ነው። መራጩ ይህን በር ለማጥበብ በ2020 ሌላ ሕግ አጸደቀ። አዲስ ኢንተርፕራይዝ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፊ የሚሰበስብ ከሆነ ድምፅ ይሰጥበት አለ። በዓመቱ ምክር ቤቱ ክፍያውን በበርካታ ትናንሽ ኢንተርፕራይዞች ከፋፈለው። የስድስቱ ክፍያዎች ምስጢር ይኸው ነው። ተቃዋሚዎቹ ሕዝቡ የከለከለውን በጓሮ በር አስገቡት ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ፊ ሀብታምና ደሃ አይለይም። ክፍያዋ የምትቆጠረው በትዕዛዝ ነው። የ15 ዶላር ምሳ ያስመጣችው የሆቴል ጽዳት ሠራተኛና የ2,000 ዶላር ቴሌቪዥን ያዘዘው ሐኪም እኩል ሳንቲም ይከፍላሉ። ታክስ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እንደ ዋጋው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። መንግሥትን ለማሳነስ የወጣ ሕግ መንግሥቱን አላሳነሰውም፤ የሚሰበስብበትን መንገድ ቀየረው። የተቀየረውም ከአቅም ጋር ወደማይሄድ ክፍያ ነው።

ልጁን ኮሌጅ ያስገባ ወላጅ ይህን ከቅርብ ያውቀዋል። ኮሎራዶ ውስጥ የስቴቱ ነዋሪ የሆነ ተማሪ ሲመዘገብ «ኮፍ» የሚባል ነገር ሙላ ይባላል። ሞልቶ ፈቃዱን ከሰጠ የትምህርት ክፍያው ላይ በየክሬዲቱ የተወሰነ ዶላር ይቀነስለታል። ያልሞላ ልጅ ሙሉውን ይጠየቃል። ብዙ ወላጅ ስኮላርሺፕ ይመስለዋል። አይደለም። ስቴቱ ድሮ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጠው የነበረው ድጎማ ነው፤ በ2004 በወጣ ሕግ በተማሪው እጅ እንዲያልፍ ተደረገ። ለምን ቢባል፣ ገንዘቡ በተማሪው በኩል ሲሄድ ድጎማ መባሉ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲው ኢንተርፕራይዝ ይሆናል። ኢንተርፕራይዝ ሲሆን የሚያስከፍለው ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) በታቦር ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ስቴቱ ድጎማውን ቢቀንስ ዩኒቨርሲቲው ቱሽኑን መጨመር ይችላል፣ መራጭ ሳይጠየቅ። ጨምሯልም። ሻንጣ እየገፋች ልጇን ያሳደገች እናት «ታክስ አልጨመርንብሽም» ሲሏት ምን ትበል?

ይህ ሁሉ የጀመረው ከ2001ዱ የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ በኋላ ነው። ጣሪያው የሚሰላው ካለፈው ዓመት ገቢ ተነሥቶ ነበር። ነገሩን በቁጥር ላሳይ። ስቴቱ 100 ብር ይሰበስብ ነበር እንበል። ክፉ ዓመት መጣና 85 ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ኢኮኖሚው አገግሞ ገቢው ወደ 100 ቢመለስ ጣሪያው ግን 85 ላይ ንረትና ሕዝብ ተደምሮ 88 ቢሆን ነው። ቀሪዋ 12 ብር ትመለሳለች። የተዘጋው ክፍል፣ የተቀነሰው አስተማሪ ግን አይመለስም። አንድ ክፉ ዓመት ለዘላለም ይቆጠራል ማለት ነው። ይህን ያዩት የታቦር ወዳጅ የነበሩት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ቢል ኦወንስ በ2005 ከዴሞክራቶች ጋር ተስማምተው «ሬፈረንደም ሲ» የተባለውን ጥያቄ ለሕዝብ አቀረቡ። 52 ለ48 አለፈ። ጣሪያው ለ5 ዓመት ተነሣ። ከዚያ በኋላም በክፉ ዓመት ወደ ታች መውረዱ ቀረ። የሕጉን ክፉ ጥርስ የነቀለው ይህ ነው። ዛሬ ኮሎራዶ እንደ ታቦር ስኬት ስትጠቀስ የምትጠቀሰው የተስተካከለችዋ ኮሎራዶ መሆኗን ማስታወስ ጥሩ ነው።

የታክስ ቅነሳውን ብቻውን ለማየት ደግሞ ጎረቤቷን ካንሳስን ማየት ይበቃል። አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ በ2012 የገቢ ግብሩን በኃይል ቀነሱ። የብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ባለቤቶች ከድርጅታቸው የሚያገኙት ገቢ ጭራሽ ከስቴት ግብር ነፃ ሆነ። ኢኮኖሚው ይተኮሳል ተባለ። አልተተኮሰም። በጀቱ ጎደለ፣ የስቴቱ የብድር ደረጃ ወረደ፣ ለመንገድ የተቀመጠው ገንዘብ ተወሰደ። በ2017 ሪፐብሊካን የሚበዙበት ምክር ቤት የራሱን አገረ ገዥ ቪቶ ሽሮ ቅነሳውን ሻረው። ከዚህ በላይ የሚባል የለም፤ ወጪ ሳይነካ ታክስ ብቻ ቢቆረጥ ሒሳቡ አይገጥምም።

«እሺ፣ ቴክሳስስ? እዚያ ኢንካም ታክስ የለም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ዳላስ እየሄደ ነው» የሚል ይኖራል። ከዴንቨርና ከጎረቤቷ ከኦሮራ ወደ ዳላስ የሚሄድ ሐበሻ መኖሩ እውነት ነው። ምክንያቱ ታክሱ ነው ወይ? በግምት እናስላው። ባልና ሚስት አብረው በዓመት 80,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። ኮሎራዶ ውስጥ መደበኛው ተቀናሽ ተነሥቶ የስቴቱ የገቢ ግብር 2,200 ዶላር ገደማ ነው። ቴክሳስ ዜሮ። አሁን ቤቱን ጨምሩበት። ኮሎራዶ ውስጥ የንብረት ታክስ የቤቱ ዋጋ ግማሽ ከመቶ አካባቢ ነው፤ ከአገሪቱ ዝቅተኞቹ አንዱ። ዳላስ ዙሪያ ከ1.5 እስከ 2 ከመቶ ይደርሳል። ኦሮራ 550,000 የሚያወጣ ቤት 2,750 ዶላር ይከፈልበታል። ዳላስ ዳር ላይ ተመሳሳዩ ቤት 380,000 ቢገኝ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቅናሽ ተነሥቶለት እንኳ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። የሽያጭ ታክሱ ተቀራራቢ ነው፤ ኦሮራ 8፣ ዳላስ 8.25። ተደምሮ ሲታይ ሁለቱ ስቴቶች ለዚህ ቤተሰብ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ ያለው ከ550ውና ከ380ው ላይ ነው። ሰዉን የሚወስደው የቤቱ ዋጋ ነው። የቤት ዋጋ ደግሞ የመሬትና የወለድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የፈቃድ ነገርም ነው። የት ይሠራ፣ ስንት ፎቅ ይሁን፣ ለስንት መኪና ማቆሚያ ይኑረው የሚለውን ከተሞች ይወስናሉ። ቴክሳስ እዚህ ላይ እጇ ላላ ያለ ነው፤ ቤት ቶሎ ይሠራል። ኮሎራዶም ገብቷታል መሰለኝ በ2024 አንድ ሕግ አወጣች። ከጁን 30 ቀን 2025 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች አካባቢ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ሰው በግቢው ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ ቤት እንዳይሠራ መከልከል አይችሉም። ሰርቪስ ቤት በሉት። ለዓመታት ቤዝመንቱ ውስጥ እናቱን ያስቀመጠ ሰው ይህን ሕግ ከየትኛውም የ750 ዶላር ቼክ በላይ ይወደዋል።

ወደ ሦስተኛው ነገር የመጣሁት በዚህ በኩል ነው። እዚህ ላይ ዴንቨር ከማንም በላይ የምታስተምረው የታክሲዋ ታሪክ አለ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር ውስጥ ሦስት የታክሲ ድርጅቶች ብቻ ነበሩ። ከ1947 ወዲህ አዲስ ድርጅት ፈቃድ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ፈቃድ ሰጪው የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አዲስ ገቢ ያሉት ድርጅቶች የሕዝቡን ፍላጎት ማሟላት እንዳቃታቸው በማስረጃ ማሳየት አለበት። ያሉት ድርጅቶች ደግሞ ጠበቃ ይዘው ቀርበው መቃወም ይችላሉ። ማለትም ሱቅ ለመክፈት የጎረቤት ባለሱቅ እሺ ይበል እንደማለት ነው። አራት የታክሲ ሾፌሮች የራሳቸውን ድርጅት ለማቋቋም አመለከቱ፤ ኮሚሽኑ በ1992 ከለከላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከአራቱ ከሳሾች የአንዱ ስም ግርማ ነው።

በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸነፉ። ግን ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጩኸት ስለፈጠረ ምክር ቤቱ በ1994 ሕጉን አላላው። በ1995 ፍሪደም ካብ የሚል ስም የያዘ ድርጅታቸው መንገድ ላይ ወጣ። የደገፏቸው ጠበቆች የነፃ ገበያ ሰዎች ነበሩ፤ የተከሰሰው ደግሞ «ሕዝብን እጠብቃለሁ» የሚለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት። ይህ ነገር የፖለቲካውን ካርታ ያዛባል። ስደተኛ ሁሉ ተፈጥሮው ከግራ ክንፉ ጋር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ታሪክ ያንብብ።

በሩ ግን ገርበብ አለ እንጂ ወለል አላለም። ቀጣዮቹ ሾፌሮች ዓመታት ጠበቁ። ለድርጅቱ በየሳምንቱ የሚከፈለው ኪራይ ሰዉን አንገሸገሸው። መኪናው የራስህ ቢሆን እንኳ ቀለሙንና ስሙን ተከራይተህ ነው የምትሠራው። ሰኞ ስትነሣ ገና ኪራዩን ለመመለስ ነው የምትነዳው፤ ለቤትህ የሚተርፈው የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ነው። በ2008 ምክር ቤቱ ነገሩን ገለበጠው። አዲስ ድርጅት አያስፈልግም የሚል ወገን እሱ ያስረዳ አለ። ማስረዳት ያለበት ማነው የሚለው አንድ ነገር ነው የተለወጠው። በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሚባል የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከ200 በላይ መኪና ይዞ ሥራ ጀመረ። ከአባላቱ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው። በ2016 ደግሞ 800 ገደማ ሾፌሮች ያሉት ግሪን ታክሲ ተከተለ። ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በዚህም ግራው ሊኮራ ይችላል። የወለደው ግን የፈቃዱ ገደብ መላላት ነው። አንድ ሳንቲም የታክስ ቅናሽ አልተጠየቀበትም፣ አንድ ሳንቲም ድጎማም እንዲሁ።

ከዚያ ያልታሰበው መጣ። ጁን 2014 ላይ ኮሎራዶ ኡበርና ሊፍትን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። ለመተግበሪያዎቹ የመኪና ቁጥር ገደብ የለም። የዋጋ ተመን የለም። «ያስፈልጋሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ኢንሹራንስ፣ የወንጀል ታሪክ ምርመራና የመኪና ፍተሻ ይበቃል። ታክሲዎቹ ግን በቀድሞው ሕግ እንደታሰሩ ቆዩ። ለፈቃድ 20 ዓመት የታገለ ሰው ፈቃዱ እጁ ሲገባ ዋጋ አጣ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውስጥ ድርሻ የገዛ ሁሉ ተጎዳ። በሌላ በኩል ትናንት የመጣ ልጅ ማንንም ሳይለምን፣ ለማንም ኪራይ ሳይከፍል መኪናውን ይዞ ኤርፖርት ቆመ። የትኛው ይበልጣል? እንደ ሰዉ ይለያያል። እኔ ሁለተኛው ይበልጣል እላለሁ፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ፊት ለፊት አይቼ ለማለት ድፍረቱ ያጥረኛል።

የታቦር ነገር ደግሞ አላለቀም። ጁላይ 2025 ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ታክስ ሲቀንስ የኮሎራዶም ገቢ ወዲያው ወረደ፤ የስቴቱ ግብር የሚሰላው ከፌዴራሉ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ተነሥቶ ነውና። ኦገስት ላይ ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ልብ በሉ፣ ዋሽንግተን ላይ ሲቀነስ የኮሎራዶን መራጭ የጠየቀው የለም። የተቀነሰውን ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ድምፅ ያስፈልጋል። ጉድጓዱን የሞሉት ለድርጅቶች የተሰጡ አንዳንድ የታክስ ቅናሾችን በመዝጋት፣ መጠባበቂያውን በመንካትና ወጪ በመቁረጥ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ቼክ የሚጠብቅ ሰው ዕቅዱን ቢያሻሽል ይሻለዋል።

ሾፌሮቹስ? በአሁኑ ጊዜ የሚያማርሩት ኮሚሽኑን ሳይሆን ስልካቸው ላይ ያለውን መተግበሪያ ነው። ተሳፋሪው 60 ዶላር ከፍሎ ለእነሱ ስንት እንደደረሳቸው ማወቅ አይችሉም ነበር። ዋጋው ማንም በማያየው ሒሳብ ይሰላል። አንድ ቀን ያለምንም ማብራሪያ አካውንታቸው ይዘጋል። ስለዚህ ወደዚያው ምክር ቤት ተመልሰው ሄዱ። በ2024 የወጣው ሕግ ድርጅቶቹ ተሳፋሪው የከፈለውንና ለሾፌሩ የደረሰውን ጎን ለጎን እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ይህ ቁጥጥር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የነፃ ገበያ ሰዎች ከተቃወሙት ግን ግራ ይገባኛል። ሁለቱም ወገን ዋጋውን የማያውቅበት ገበያ ምኑ ነፃ ነው?